የእቁቡ ብር በጋሼ ሒሳብ ውስጥ ነበር

በ2016 ዓ.ም ግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታላቅ ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም ደወለልኝ። እኔ ደምበጫ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ጋሼ ሲደውል ሰላምታው ረጅም ነው፤ የእናታችንን ጤና፣ የላሟን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ያን ዕለት ግን «ብሩ የለም» አለኝ።

«የምን ብር?»

«የእቁቡ» ብሎ ዝም አለ።

እቁቡ ሃያ ስድስት አባላት ነበሩት። እያንዳንዱ በሳምንት 3,000 ብር ይጥላል፤ ዳኛው ጋሼ ነው። ድሮ ብሩ የሚሰበሰበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እጅ በእጅ ነበር። ስልክ ባንክ ከሆነ ወዲህ ግን ሰዉ ከሐሙስ ጀምሮ ወደ ዳኛው ሒሳብ ያስገባል፤ ዕጣው እሑድ ይወጣል፤ ብሩም ለባለ ዕጣው ይላካል። ያን ቅዳሜ ጠዋት በጋሼ ሒሳብ ውስጥ 78,000 የእቁብ፣ 13,350 ደግሞ የራሱ ብር መኖር ነበረበት። ሌሊት በስልኩ የገባው መልእክት 91,300 ብር ለብድር ክፍያ መቀነሱን ይናገራል። የቀረችው ሃምሳ ብር ናት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ባለፉት ወራት የጋሼን ጉዳይ ይዤ ከጠበቃ ቢሮ እስከ አፈጻጸም ችሎት (የተፈረደውን የሚያስፈጽመው ችሎት) ስመላለስ የተማርኩትን፣ እንደኛ ቤት አስይዞ የተበደረ ሰው አስቀድሞ እንዲያውቀው ስለምፈልግ ነው። ዕዳ ያለበትን ሰው የባንክ ሒሳብ ማን፣ መቼ ሊነካው ይችላል በሚለው ላይ በእኛ አካባቢ የሚወራው ብዙ ነው፤ ከሚወራው ውስጥ ግማሹ ሰው የሚጎዳ ነው።

ጋሼ እህል ነጋዴ ነው። በ2013 ዓ.ም ጥር ላይ የጀመረውን ቤት ለመጨረስ ከአንድ ባንክ 1,500,000 ብር ተበደረ፤ መያዣው ራሱ ቤቱ ነው። ታች ሦስት የሱቅ ክፍል፣ ላይ መኖሪያ። ሁለት ዓመት ተኩል አንድም ወር ሳያሳልፍ ከፈለ። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ መንገዱ መዘጋት ሲጀምር ግን የቡሬ በቆሎም የማንኩሳ በርበሬም ከመጋዘን አልወጣ አለ። መኪና የሚያልፍበት ቀን ከማያልፍበት አነሰ። ከሦስቱ የሱቅ ተከራዮች ሁለቱ ቁልፍ አስረክበው ሄዱ። እስከ ግንቦት 2016 ድረስ ሰባት ወር ሳይከፈል ተከማቸ።

በቤታችን ሁላችንም የምናምነው አንድ ነገር ነበር፦ የተያዘው ቤቱ ነው፤ የባሰ ቢመጣ ቤቱን ይወስዱታል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ያልቃል። ጋሼ ራሱ ለባለቤቱ «ቤቱ ከሄደ ከዜሮ እንጀምራለን» ይላት ነበር። ከዜሮ መጀመር በራሱ ከባድ ነው፤ ግን ዜሮም እንዳልነበረ ያወቅነው ደብረ ማርቆስ ጠበቃ ዘንድ የሄድን ዕለት ነው።

ጠበቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን የብድር ውሉን ነው። ጋሼ ይዞት የመጣው በላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ ከፈረመበት ቀን ጀምሮ ያልተገለጠ ነው። ዘጠኝ ገጽ ነው። እሳቸው ወደ ስድስተኛው ገጽ ገለጡና ጣታቸውን አንድ አንቀጽ ላይ አኑረው «አንብቢው» አሉኝ። ተበዳሪው በወቅቱ ካልከፈለ ባንኩ በየትኛውም ቅርንጫፉ ከሚገኝ ከማናቸውም የተበዳሪው ሒሳብ፣ ሌላ ፈቃድ ሳይጠይቅ መቀነስ እንደሚችል ይላል። ከሥሩ የጋሼ ፊርማ አለ። የባለቤቱም ፊርማ አለ።

«ይህ ባይጻፍም» አሉ ጠበቃው፣ «የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1831 ጀምሮ ዕዳን ስለ ማቻቻል ይናገራል።» እንዲህ አስረዱን፦ ባንክ ያስቀመጥከው ብር ባንኩ ላንተ ያለበት ዕዳ ነው። አንተ ደግሞ የብድሩን ዕዳ አለብህ። ሁለቱም ገንዘብ ከሆኑ፣ ልካቸው ከታወቀ፣ የመክፈያ ጊዜያቸው ከደረሰ፣ አንዱ በሌላው ይካካሳል። ጊዜው ያልደረሰ የወር ክፍያ ግን በዚህ መንገድ አይወሰድም፤ ውሉ «አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ሙሉ ዕዳው ይጠየቃል» ካላለ በስተቀር። የእኛ ውል ይላል።

ስለዚህ «ባንክ ሒሳቤን ሊነካው ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ያበደረህ ባንክ፣ በራሱ ዘንድ ያለህን ሒሳብ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ሊነካው ይችላል። ሌላ ባንክ ያለህን ሒሳብ ግን በደብዳቤም በስልክም ሊነካው አይችልም። ለዚያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። «ባንኮች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ አንዱ ሲነግረው ሌላው ይቆርጥልሃል» የሚባለውን እኔም አምኜው ነበር። የባንክ ደንበኛ ሒሳብ ምስጢር ነው፤ ምስጢሩ የሚከፈተው ሕግ ሲያዝ ነው።

የእቁቡስ ብር? ጋሼ ደብተሩን ይዞ ነበር፤ የሃያ ስድስቱም ስም፣ በየሳምንቱ የጣሉት፣ ዕጣ የወጣላቸው ሁሉ ተጽፎበታል። ጠበቃው ገጽ በገጽ አገላበጡት። ከዚያም ሒሳቡ በጋሼ ስም ብቻ እስከተከፈተ ድረስ ባንኩ የሚያየው የጋሼን ብር እንደሆነ፣ የእቁብተኞቹ መሆኑን ማስረዳት የሚቻለው በክስ እንደሆነ፣ ክሱም ጊዜ እንደሚወስድ ነገሩን። ደብተሩን ይዘን ለቅርንጫፉ አመለከትን። አልተቀበሉንም።

ጊዜ ደግሞ አልነበረንም። የዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣው በርበሬ ለሚነግዱ አንዲት እናት ነበር፤ ብሩን ለመድኃኒትና ለልጃቸው ትምህርት አስበውታል። «ዕዳ ከሜዳ ወረደብኝ» እያሉ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጠው ሲያለቅሱ የጋሼ ባለቤት አብራቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሼ ሁለት ጥጃና የመጋዘኑን ሚዛን ሸጠ፤ እኔ ከደሞዜ ካጠራቀምኩት 20,000 ብር ሰጠሁ፤ ቀሪውን አባላቱ ራሳቸው ለሦስት ሳምንት ዕጣ አቁመው ሞሉት። ብሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ጋሼ ዳኝነቱን ተወ፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ራሱ ነው የተወው።

እባካችሁ፣ የእቁብ ዳኛ የሆናችሁ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ የሰንበቴ ሙሴ የሆናችሁ፣ የሰው ብር በግል ሒሳባችሁ አታስቀምጡ። ባንኮች ለሁለትና ለሦስት ሰው ፊርማ የሚሆን የጋራ ሒሳብ ይከፍታሉ። ዕዳ የሌለበት ሰው ቢሆንም ያው ነው፤ ነገ ዋስ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ያን ጊዜ ብሩ ከውርስ ጋር ይደባለቃል።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ሌላ ነገር ጠየቀኝ። በሌላ ባንክ 120,000 ብር የሚሆን፣ ለበቆሎ መግዣ ያስቀመጠው ነበረው። «እሱንም ሳይወስዱት ወደ አንቺ ሒሳብ ላዛውረው» አለኝ። እኔ ለጋሼ እምቢ ብዬ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በየወሩ ስንቄን በመኪና የሚልከው እሱ ነው። አንድ ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። በማግስቱ ጠበቃውን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ባለዕዳ ገንዘብ ጠያቂዎቹን ለማምለጥ ብሎ ንብረቱን ቢያሸሽ፣ ገንዘብ ጠያቂው ያ ድርጊት እንዲፈርስ በራሱ ስም መክሰስ ይችላል አሉኝ። ብሩ ከእኔ ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል፤ እኔም ተከሳሽ እሆናለሁ። በዚያ ላይ ለድርድር የምንቀርበው ብር አሽሽተን ከሆነ ማን ያምነናል?

ለጋሼ እምቢ አልኩት። ሁለት ወር አላናገረኝም። ያ ሁለት ወር ከዚህ ሁሉ ነገር ለእኔ የከበደው ነው። እናቴ ከጅጋ ገጠር ድረስ በእግሯ መጥታ «ምን ነካችሁ?» ስትለኝ የምነግራት ጠፍቶኝ ነበር። ብሩን ግን በመጨረሻ የተጠቀመበት ለሁላችንም በሚበጅ መንገድ ነው፦ 100,000ውን ይዞ ወደ ባንኩ ሄዶ የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት አመለከተ። ከዘገየ በኋላ ነበርና አልተሳካም። ብሩን ለዕዳው ተቀበሉት፤ ሐራጁ ግን አልቀረም።

የሐራጁን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1990 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮችን ከሌላው አበዳሪ ለይቷቸዋል። በውሉ ላይ ከተስማማህ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በሐራጁ ሂደት ሕጉን ተላልፎ ጉዳት ካደረሰ ደግሞ ኃላፊነት አለበት። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው መቼ እንደደረሳችሁ፣ ማን እንደፈረመ፣ ቀኑን ጻፉ። እነዚያ ሠላሳ ቀናት ተደራድሮ፣ ገዢ ራስ ፈልጎ፣ ቤቱን በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ የሚቻልባቸው ናቸው። እኛ ግማሹን ያሳለፍነው በመናደድ ነው።

ቤቱ በ2017 ዓ.ም ተሸጠ። ዕዳው ከነወለዱና ከነመቀጫው 1,612,000 ብር ደርሶ ነበር። ከሩቅ የሚመጣ ገዢ መንገዱን ፈርቶ ስለቀረ የተጫረቱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። 1,240,000 ብር ወጣ። የቀረው 372,000 ብር ነው። ጋሼ ቁልፉን ያስረከበ ዕለት ማታ ስልክ ደወለልኝ፤ «አለቀ» አለኝ። አላለቀም ብዬ ለመናገር አቅም አጣሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መያዣ ማለት አበዳሪው ከሌላው ገንዘብ ጠያቂ ቀድሞ ከዚያ ንብረት ላይ ይከፈለዋል ማለት ነው። ተበዳሪው ግን በጠቅላላው የዕዳው ባለቤት እንደሆነ ይቀራል። ቤቱ ሳይበቃ ሲቀር ባንኩ እንደማንኛውም ሰው ከስሶ፣ አስፈርዶ፣ በአፈጻጸም ወደ ሌላው ንብረትህ ይመጣል። ባንክ ያለህ ብር ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ሐራጅ አያስፈልገውም፣ ገማች አያስፈልገውም።

በስድስት ወር ውስጥ ክሱ ተወሰነ። ብሩ መቅረቱን ስላላስተባበልን የሚከራከሩበት ብዙም አልነበረም። ከዚያ የአፈጻጸም መዝገብ ተከፈተ። ባንኩ አሁን «የፍርድ ባለመብት» ነው፣ ጋሼና ባለቤቱ «የፍርድ ባለዕዳዎች»። ፍርድ ቤቱ ለሌሎች ባንኮች ደብዳቤ ጻፈ፦ በእነዚህ ሰዎች ስም ያለ ሒሳብ ካለ ልኩን ግለጹ፣ እስከ ዕዳው መጠንም አግዳችሁ አቆዩ። በጋሼ ስም 18,700 ብር ተገኘና ታገደ። ቀጥሎም ለፍርድ ባለመብቱ እንዲተላለፍ ታዘዘ። (ፍርድ ሳይሰጥም ባለዕዳው ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ብሎ ከሳሽ ካሳመነ፣ ፍርድ ቤቱ ንብረቱን አስቀድሞ ማስከበር፣ ማለትም አግዶ ማቆየት፣ ይችላል፤ በእኛ ላይ አልሆነም። 120,000ውን አዛውረነው ቢሆን ኖሮ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።)

እንዲህ ባለ ጊዜ በታገደው ሒሳብ ውስጥ የሌላ ሰው ብር ካለ፣ ያ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 መሠረት ለዚያው ፍርድ ቤት ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። የእቁቡ ብር በፍርድ ቤት እግድ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ያ ደብተር ይሰማ ነበር።

የጋሼ ባለቤት መምህርት ናት። የደሞዟ ሒሳብ ሲታገድ ሱቅ ሄዳ ዘይት መግዛት አቃታት፤ ልጆቹ ሦስት ናቸው። «እኔ አልተበደርኩም» ብላ ነበር፤ ግን በውሉ ላይ የፈረመችው ለመያዣው የተስማማች ሚስት ሆና ብቻ አልነበረም፣ «ተበዳሪዎች» በሚለው ሥር ነው። ይህን ልዩነት ስትፈርም ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጭራሽ ባትፈርምም እንኳ፣ ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ የባልና የሚስት የጋራ ዕዳ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል።

ደሞዝን በተመለከተ ግን ሕጉ ወሰን አለው። ከደሞዝ ላይ ለፍርድ ዕዳ የሚያዘው ከሲሶው አይበልጥም፤ ሁለት ሦስተኛው ለሰውየውና ለቤተሰቡ ይቀራል። በግል መሥሪያ ቤት ለሚሠሩም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም ይላል። የጡረታ አበልም ለእንዲህ ያለ የግል ዕዳ አይያዝም። የመኝታ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ ሙያተኛው የሚሠራበት መሣሪያ፣ እነዚህም አይነኩም። ችግሩ ደሞዙ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ከሌላ ብር ጋር ሲቀላቀል ነው። እህቴ (ባለቤቱን እንዲያ ነው የምጠራት) የስድስት ወር የደሞዝ ማስረጃና የሒሳብ መግለጫ ይዛ ቀረበች፤ በዚያ ሒሳብ የሚገባው ደሞዝ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይታይ ነበር። ችሎቱ እግዱን አነሳና በየወሩ ሲሶው ብቻ ከመሥሪያ ቤቷ እንዲቆረጥ አዘዘ። ደሞዛችሁ የሚገባበትን ሒሳብ ለንግድ አትጠቀሙበት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለእሷ ግን የልጆቿን ቁርስ ያዳነው እሱ ነው።

እናቴ ከሁሉ በላይ የፈራችው ስለ መሬቷ ነበር። «ልጄ፣ የእኔንም ይወስዱታል?» ብላ ከሳጥን ውስጥ የመሬት ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ። አይወስዱትም። እሷ አልተበደረችም፣ ዋስም አልሆነችም፤ የልጅ ዕዳ ለእናት አይተርፍም። በዚያ ላይ በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም። በክልላችን ከ2009 ዓ.ም አዋጅ ወዲህ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ማስያዝ ይችላል፤ እሷ ግን አስይዛ አታውቅም። ደብተሩን መልሳ በነጠላ ጠቀለለችው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ ለጓደኛዬ ባል ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ» አለችኝ። ውሉን አምጥታ አየነው፤ «በአንድነትና በተናጠል» ይላል። እንዲህ ያለ ዋስ ከሆንሽ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ ቀጥታ አንቺን ሊከስ ይችላል። አስፈርዶ ያንቺን ሒሳብ ማሳገድም ይችላል። ተበዳሪው እየከፈለ መሆኑን በዚያው ሳምንት ደውላ አጣራች፤ እየከፈለ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሼ በመጨረሻ ከባንኩ ጋር በአፈጻጸም ችሎት ተስማማ። ጠበቃው አስቀድመው የቤተሰቡን ገቢና ወጪ በአንድ ወረቀት ጽፈውልን ነበር፤ ያንን አቀረብን። የእህቴን የደሞዝ ሲሶ ጨምሮ በወር 9,000 ብር እንዲከፍሉ፣ እነሱ ሳያቋርጡ እስከከፈሉ ድረስ ሌላ ሒሳብ እንዳይታገድ ተጻፈ፤ በመዝገቡም ተያያዘ። ከሦስት ዓመት በላይ ይወስዳል። አሁን ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ጋሼ መጋዘኑን ትቶ ከሌላ ነጋዴ ጋር በኮሚሽን ይሠራል፤ መንገዱም አልፎ አልፎ ይከፈታል።

በታኅሣሥ ሚካኤል እናታችን ቤት ተገናኘን። ጠላ እየቀዳሁ ሳለ ጋሼ ከኋላዬ መጥቶ «ያን ብር ባንቺ ሒሳብ አድርጌው ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኔም አልጠየቅኩትም። ብርጭቆውን ሞላሁለት።

እቁቡ እንደገና ተጀምሯል። ሒሳቡ አሁን በሦስት ሰው ስም ነው፤ በርበሬ የሚነግዱት እናት አንዷ ፈራሚ ናቸው። ጋሼ እንደ ማንም አባል ሐሙስ ሐሙስ ይጥላል፤ በየወሩ መጀመሪያም ለባንኩ የከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። ትናንት የላከልኝ አሥራ አንደኛው ነው።